መሃል ሜዳ ዘንድሮ ውርጭ አልወረደባትም፤ እናንተ ጋስ እንዴት ነው?

መምህር ከወንጂ | ኅዳር 14፣ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። የወንጂ ልጅ ነኝ። ሸንኮራ አገዳ መሀል፣ ሙቀት ውስጥ ነው ያደግኩት። መሃል ሜዳ ማስተማር ከጀመርኩ ይሄ አራተኛ ዓመቴ ነው። አገሩን ለማታውቁት፣ ከጣርማ በር ታጥፋችሁ በጓሳ በኩል አድርጋችሁ የምትደርሱባት የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ከተማ ናት። ትንሽ ናት፤ ግን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው።

የመጀመሪያውን ዓመት ብርድ አልረሳውም። ኅዳር ሲገባ ጠዋት በር ስከፍት ሣሩ ነጭ ነበር። ማታ ደጅ የረሳሁት ባልዲ ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ጋግሮ አገኘሁ። በጣቴ ስነካው ስንጥቅ አለ። ገመድ ላይ ያደረው ሱሪዬ እንደ ጣውላ ደርቆ ቀጥ ብሏል። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ስይዝ ጣቴን ቆፈን ይዞት ፊደሉ ይንጋደድብኛል። ልጆቹ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ነው የሚማሩት። ያኔ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ዘንድሮ ግን ሌላ ነው። ባልዲዬ አንድም ቀን አልረጋም። በአንድ ብርድ ልብስ ነው የማድረው። ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ይዳምናል፤ ሌሊቱ ለስለስ ያለ ነው። ከትናንት ወዲያ ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ጭስ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ከደመናው ሥር ተንጠልጥሎ ዋለ።

እኔ በጣም ደስ ብሎኛል። የማልዋሻችሁ ነገር፣ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚህ ተኝቼ አላውቅም። የቤቴ ባለቤት እማማ ግን ማለዳ ማለዳ ሰማዩን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። «ብርዱ ቀረልን እኮ እማማ!» ስላቸው «ምን ቀረልን ትላለህ ልጄ፣ ቀረብን እንጂ» አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው? የምታውቁ ንገሩኝ። እናንተ ያላችሁበትስ እንዴት ነው?

---

የመንዝ ልጅ | ኅዳር 14፣ ማታ 3:02

መምህር፣ ባልዲውን ስትጽፍ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መሃል ሜዳ ነው የተወለድኩት፤ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ልጅ ሆነን ያንን በረዶ ከጋን አፍ ላይ አንስተን እንደ ብስኩት እንቆረጥመው ነበር።

ብርድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቴ ባና ሸማኔ ነበር። እናቴ ከበጎቻችን የተሸለተውን ጠጉር ማታ ማታ ምድጃ ዳር ትፈትላለች፤ እሱ ይሠራዋል። አዲስ ባና ክብደቱ ራሱ ልጅን ያስተኛል። ከላያችሁ ሲደረብ መገላበጥ አትችሉም። ኩበቱ ይግማል፣ በጎቹ ከታች ያመነዥካሉ፣ ደጅ ያለው ቁር ግን እዚያው ደጅ ይቀራል።

ወንድሜን ዛሬ ደውዬ ጠየቅኩት። «ባና የሚጠይቅ ሰው የለም» አለኝ። ሌላ ጊዜ በዚህ ወቅት እጁ አይፈታም ነበር። የእማማን ነገር ግን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ይመልሱልህ።

---

የጡረታ ግብርና | ኅዳር 15፣ ጠዋት 1:20

መምህር ልጄ፣ እንደምን አደርክ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ወረዳዎች የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። የእማማ ንግግር እኔን አላስደነቀኝም።

ውርጭ ጠላት መሆኑን ማንም አይክድም። ባቄላ አበባ ላይ ሳለ፣ ገብስ ወተቱን ሳይቋጥር ውርጭ ከመታው በአንድ ሌሊት ያልቃል። ጠዋት ስታየው ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ዘንበል ብሏል። ዘግይቶ የዘራ ሰው ዘንድሮ እያመሰገነ ነው የሚያድረው። ይሄ እውነት ነው።

ነገር ግን ውርጭ ብቻውን አይመጣም። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ብራ ሲሆን ነው። ያ ብራ ደግሞ ቀን ላይ ነዶ ያደርቃል፣ አውድማ ያጸናል፣ ነፋሱ እህሉን ከገለባው ይለያል። አንተን ያሞቀህ ደመና የእማማን ክምር እያራሰው ነው። ክምር ውስጥ ውኃ ከገባ ገብሱ እዚያው ያቆጠቁጣል። አገሬው ብርዱን የሚፈልገው ወዶት አይደለም። አብሮት የሚመጣውን ደረቅ ቀን ስለሚፈልግ ነው።

እኔ የ1990ን ጥቅምትና ኅዳር አልረሳም። ክረምቱ በሚገባው ጊዜ በቅጡ ሳይዘንብ ቆይቶ አጨዳ ላይ ዶፉን ለቀቀው። ያኔ ከብዙ ገበሬ ጋር ክምር ፈርሶ ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ነገ ከትምህርት በኋላ አውድማ ውረድ። እጅህን ክምሩ ውስጥ አስገባ። ከሞቀህ ተመልሰህ ጻፍልኝ።

---

ሚኒሶታ ነኝ | ኅዳር 15፣ ቀን 9:40

እኔ ያለሁት ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ወርዚንግተን የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ነዋሪዋ 14,000 ገደማ ነው። ዙሪያዋ በቆሎና አኩሪ አተር እርሻ ነው። ብዙዎቻችን የሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምንሠራው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር። እዚህ ያለን ሐበሾች «ክረምት» አንልም፣ «ዊንተር» ነው የምንለው። ክረምት ሲባል ለእኛ ጭቃና ዝናብ፣ ደመራን መጠበቅ ነው። በረዶውን ክረምት ብሎ መጥራት አፋችን እምቢ ይላል።

በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ በፈረንጆቹ፣ በሚኒሶታ ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቀው ዊንተር መጣ። እኔ ያኔ ስምንተኛ ዓመቴ ነበር። ከተማችን ውስጥ ኦካቢና የሚባል ሐይቅ አለ። ሌላ ጊዜ ሰው በላዩ መኪና ይነዳበታል። በዚያ ዓመት ግን ውኃው ሲላወስ እያየሁ ነው ወደ ሥራ የሄድኩት። የማሞቂያ ሒሳቤ ወርዶ ለእናቴ ተጨማሪ ብር ላክሁ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

አብሮኝ የሚሠራ የአገሩ ሰው ግን ፊቱ ጨልሞ ነበር። በረዶ በመጥረግ ነው ልጆቹን የሚደጉመው። መኪናውን አስተካክሎ፣ የበረዶ መጥረጊያውን ገጥሞ፣ ወር ሙሉ ቆሞ ቀረ። በሰሜን በኩል ደግሞ አፐር ሬድ ሌክ በሚባለው ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ ከ100 በላይ ሰዎች የቆሙበት በረዶ ተገንጥሎ ተንሳፈፈባቸው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ሁሉም በሕይወት ወጡ። እነዚያ ሰዎች በረዶውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ በዚያ ወቅት ሌላ ጊዜ እንደሚሸከማቸውም ያውቃሉ። በዚያ ዓመት ግን ቀኑ ደርሶ በረዶው አልደረሰም ነበር።

ጋሼ የጻፉትን ሳነብ ያ ሰው ትዝ አለኝ። የእሱ ጭንቀት ያኔ አልገባኝም ነበር።

---

ሰማይ አንባቢ | ኅዳር 15፣ ማታ 1:30

የአየር ጠባይ ትምህርት ነው ያጠናሁት። ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው፤ ምክንያቱን ትንሽ ልጨምርበት።

መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ሰማዩ ብራ፣ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ ከሆነ ያ ሙቀት የሚያግደው የለም። እንደ መንዝ ከፍ ባለ አገር ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል። ደመና ካለ ግን እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን መልሶ ወደ ታች ይሰጠዋል። መምህር በአንድ ብርድ ልብስ ማደርህ ሁለተኛው ከላይ ስለተደረበልህ ነው።

ሌላው፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል። ስለዚህ ውርጭ መጀመሪያ የሚመታው ረባዳውን ነው። ተረተሩ ላይ ያለው ማሳ ተርፎ ከሥሩ ያለው ሲቃጠል የምታዩት ለዚህ ነው።

በጋ በእኛ ቆጠራ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ይሄ ጊዜ ለደጋው ደረቅ መሆን ነበረበት። ነገር ግን የሕንድ ውቅያኖስ ወደ አፍሪካ ያለው ጎኑ ከወትሮው ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ እኛ ይገፋል። በ2012 ዓ.ም. የሆነው ይሄ ነው። በመኸር አጨዳ ላይ ዝናቡ አላቋርጥ አለ፣ ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ያው እርጥበት ለበረሃ አንበጣም ተመቸው። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ መግለጫው «ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ» ሲል ለዜና ማሟያ አይደለም። የደረሰ ሰብል ቶሎ ሰብስቡ ማለቱ ነው። እባካችሁ ለወላጆቻችሁ ደውላችሁ ንገሯቸው።

የዘንድሮው ከምን እንደመጣ በአንድ ኅዳር ብቻ አልፈርድም።

---

ደብረ ብርሃን 07 | ኅዳር 15፣ ማታ 3:45

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ጋሼንም እንደ አባቴ ነው የማየው። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። እዚህ በሸራ ቤት የሚያድሩ ተፈናቃዮች አሉ። አርሶ የሚበላ፣ ቤት የነበረው ሰው ነው። አሁን ከልጆቹ ጋር ከመሬት ላይ ይተኛል። ሸራ ውርጭ አያቆምም። ጠዋት ስትሄዱ ሸራው በውስጥ በኩል ትንፋሻቸው ረግቶበት ጠብ ጠብ ይላል። መናኸሪያው አካባቢ በካርቶን የሚያድሩ ልጆችም አሉ።

ለእነሱ ዘንድሮ ሌሊቱ መለስለሱ ሕይወት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷ ሲንገጫገጭ እሰማ ነበር» ብላኛለች። ዘንድሮ አገኘኋት። «እንቅልፍ አገኘን» አለችኝ። ይቺን ሴት ብርዱ ቢመጣ ይሻላል ልላት አልችልም። ስለዚህ ስለ ክምሩ እያሰባችሁ እነሱንም አስቡ።

---

ሲስተር | ኅዳር 15፣ ማታ 4:10

ደብረ ብርሃን 07፣ ልክ ነህ ወንድሜ። እኔ በአንድ ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ እሱም ደጋ ነው። ብርድ ሲበረታ የምፈራው ከሰል ነው። ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወትፎ፣ የከሰል ምድጃ አስገብቶ ይተኛል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። በአንድ ሌሊት ቤተሰብ ይጨርሳል። ዘንድሮ እንደዚህ ያለ ጥሪ አልመጣብንም። ጸልዬ ነው የማድረው እንዳይመጣ።

ብርዱ ከተመለሰ እባካችሁ፣ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉ። ቤት ውስጥ ካስገባችሁትም ከመተኛታችሁ በፊት አውጡት። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም አውጡት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ከያዘ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ በር ክፈቱና ውጡ።

---

መምህር ከወንጂ | ኅዳር 17፣ ማታ 1:50

ጋሼ፣ ሄድኩ።

የእማማ አውድማ ከከተማው ዳር ነው። ልጃቸው ነው ያረሰው። ክምሩ ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ ደርቆ ወርቅ ይመስላል። እጄን እስከ ክንዴ አስገባሁ። ሞቀኝ። የታመመ ሰው ብብት ሥር እንደማስገባት ነው። ሳወጣው እጄ ረጥቧል። የመጣው ሽታ እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፤ ግን ከሥሩ የሻገተ ነገር አለው። ልጁ አንድ ነዶ ስቦ አወጣና ዛላውን መዳፉ ላይ አሸልኝ። ከእያንዳንዷ ፍሬ ጫፍ ነጭ ክር የመሰለ ሥር ወጥቷል። አንዳንዷማ አረንጓዴ ቅጠል ጀምራለች። ልጁ ምንም አልተናገረም። ፍሬውን ኪሱ ከተተውና ዞር አለ።

እማማ ጠላው የተቀመጠበትን ጋን እያዩ «ብቅል በእጃችን እንጂ በክምር አይበቅልም ነበር» አሉ።

እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎረቤታቸው ሆኜ «ሌሊቱ እንዴት ደስ ይላል» እያልኳቸው ነበር። አፍሬያለሁ። ደብረ ብርሃን 07፣ ያንተንም ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለቱም በልቤ አሉ።

ጋሼ፣ አሁን ምን ይደረግ?

---

የጡረታ ግብርና | ኅዳር 17፣ ማታ 2:25

አይዞህ ልጄ። ገና አልጠፋም።

ክምሩ ዛሬ ነገ ሳይባል ይፍረስ። ነዶውን ዛላውን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ አምስት ስድስቱን እያደጋገፋችሁ አቁሙት። ነፋስ በመሀሉ ይለፍ። ዝናብ ከመጣ ላዩን ብቻ በሸራ ሸፍኑ፣ ጎኑን አትዝጉት። ፀሐይ ብልጭ ካለች ወዲያው መውቃት ነው። ሙሉ እስኪደርቅ እንጠብቅ ካላችሁ ሁለተኛው ዝናብ ይቀድማችኋል። የተወቃውን ቤት ውስጥ ቁርበት ላይ ስስ አድርጎ አስጥቶ ማገላበጥ ይቻላል።

ያቆጠቆጠውን ለብቻው ለዩት። ለዘር አይሆንም፤ ይሄን ልጁ በደንብ ይስማ። ዘሩን ከደረቀው፣ ከክምሩ ከላይኛው ጎን ይምረጥ። ሻጋታ የያዘውን ሰው እንዳይበላው፣ ለጠላም ለከብትም እንዳይሆን። «ለበግ ይሁን» ይላሉ፤ በግንም ይጎዳል።

ብዙ እጅ ይፈልጋል። ልጁ ብቻውን አይችለውም።

---

መምህር ከወንጂ | ኅዳር 20፣ ማታ 12:40

ዛሬ ደቦ ወጣን። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አሥራ ስምንቱ ፈቅደው መጡ። ከሰፈሩም ሰው ተጨመረ። እኔ መንሽ አያያዝ አላውቅም ነበርና አንድ ተማሪዬ አስተማረኝ። «ጋሼ፣ ወገብዎን ሳይሆን ክንድዎን» ይለኛል።

ክምሩን አፈረስነው። ከሥር ያለው እንፋሎት ይወጣው ነበር። ከላይ ያለውን አውድማው ላይ በትነን በበሬ አበራየነው። የነቢያት ጾም ስለገባ እማማ ንፍሮና ሽሮ አቀረቡ፤ ጠላውም ነበረ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ መጣና ላይዳውን ያዙት። ገለባው በአንድ ወገን እየበረረ ፍሬው እግራችን ሥር ወረደ። እማማ ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ አነሱ፣ አፋቸው ውስጥ ጣል አደረጉና ቆረጠሙት። «ይጮኻል» አሉ። ደረቀ ማለታቸው ነው።

ከሦስት እጅ ሁለቱ ተርፏል።

---

የመንዝ ልጅ | ኅዳር 20፣ ማታ 1:15

እግዚአብሔር ይስጥህ መምህር። የእኛ ሰው ሆነሃል። ወንድሜም ከእናንተ ጋር እንደነበረ ነገረኝ።

---

መምህር ከወንጂ | ኅዳር 23፣ ጠዋት 12:50

ማታ ነፋሱ ቆመ። ሰማዩ ተከፈተ፣ ከዋክብቱ እጅ የሚደርስባቸው መሰሉ። እኩለ ሌሊት ላይ በብርድ ነቃሁ። አሁን ከቤት ወጣሁ፤ ሣሩ ነጭ ነው። ባልዲዬ ጋግሯል።

እማማ ደጃቸው ላይ ቆመው ፀሐዩን እየጠበቁ ነው። ፊታቸው ፈክቷል። «ዛሬ የቀረውን እንወቃለን» አሉኝ። ከታች ረባዳው ላይ ግን ዘግይቶ የዘራው ጎረቤታችን ባቄላው መሀል ብቻውን ቆሟል። ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ቅጠሉ ጠቁሯል። ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ወደ እሱ ልወርድ ነው።

ደብረ ብርሃን 07፣ እዚያስ እንዴት አደራችሁ?

---

ደብረ ብርሃን 07 | ኅዳር 23፣ ጠዋት 2:30

እዚህም ወረደ። አሁን ከሸራዎቹ ነው የመጣሁት። ያቺ እናት ልጇን በሁለት ነጠላ ጠቅልላ ፀሐይ ላይ አስቀምጣታለች። ብርድ ልብስ ለአንዳንዶች ደርሷል፤ ለአዲሶቹ አልደረሰም።

---

የመንዝ ልጅ | ኅዳር 23፣ ጠዋት 3:05

ወንድሜ ቤት ገዢ ያጡ አራት ባናዎች አሉ። ዋጋቸውን እኔ ከዚህ ልኬለታለሁ። መምህር፣ መኪና አሳፍርልኝ።

---

ሚኒሶታ ነኝ | ኅዳር 23፣ ጠዋት 3:20

ሌላ አራት ያሠራ። ብሩን ዛሬ እልካለሁ።

---

መምህር ከወንጂ | ኅዳር 23፣ ቀን 7:10

አራቱን ተቀብያለሁ። አንዱ ብቻ እንኳን ተሸክሜው ትከሻዬ ዝሏል። መኪና አላሳፍርም፣ ነገ ትምህርት ስለሌለ ራሴ ይዤ እወርዳለሁ። የት ላግኝህ?

---

ደብረ ብርሃን 07 | ኅዳር 23፣ ቀን 7:25

መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ከጨለማ በፊት ድረስ።